ከሕፃኗ ፍራሽ ስር የነበረው ስም

ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ልመሰገንበት አይደለም፤ የምነግራችሁን ስትሰሙ «ምን ዓይነት ሴት ናት» ማለታችሁ ስለማይቀር አስቀድሜ ልናዘዝ ብዬ ነው። ሱቅ ስገባ የወተቱን ቀን ሦስት ጊዜ አያለሁ። በር ቆልፌ ደረጃ ከወረድኩ በኋላ ተመልሼ እጀታውን ነቅነቅ አደርጋለሁ። ሰው ያለ ምክንያት ደግ ሲሆንልኝ «ይሄ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው» እላለሁ። ልጄ ቢንያም «እማዬ፣ አንቺ ፖሊስ መሆን ነበረብሽ» ይለኛል። ፖሊስ ብሆን መጀመሪያ የማስረው አንተን ነበር እለዋለሁ።

ስሜ ትርሲት ነው። ይህ ዓለም የሚያውቀው ነው። ሌላውን፣ በሰማንያ ቀኔ ቄሱ ያወጡልኝን የክርስትና ስሜን፣ ከእናቴና ከንስሐ አባቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ምክንያት አለኝ። አዲስ አበባ ልጅ ሳለሁ አንዲት ጎረቤታችን የአክስቴን የክርስትና ስም ከነእናቷ ስም «በጸሎት ላስባችሁ» ብላ ወሰደች። ዓመት ሳይሞላ የአክስቴ ትዳር ፈረሰ፣ ጤናዋም ታወከ። ነገሩ በምን እንደመጣ ዛሬም አላውቅም፤ በቤታችን ግን «ስሟን ሰጥታ ነው» ተባለ፤ አለቀ። እናቴ ያን ሰሞን ከፊቷ አስቀምጣ አስማለችኝ። የክርስትና ስምሽን የሚጠይቅሽ ወይ ቄስ ነው ወይ ጠላት ነው አለችኝ።

ሆላንድ የመጣሁት የቢንያምን አባት ቀብሬ፣ ልጄን በአራት ዓመቱ ይዤ ነው። የምኖረው ዴንሃግ ሲሆን የምሠራው ስኬቨኒንገን ባሕሩ ዳር ካለ ሆቴል ነው፤ ክፍል በማጽዳት ጀምሬ ዛሬ አጽጂዎቹን እመራለሁ። ድሮ ገና አዲስ ሳለሁ አንዲት እንግዳ የጆሮ ጌጤ ጠፋ አለች። ሳጥኔን በሥራ ጓደኞቼ ፊት ከፍተው ልብሴን አንድ በአንድ አራገፉት። ጌጡ በማግስቱ ከሴትየዋ የገላ መታጠቢያ ካፖርት ኪስ ውስጥ ተገኘ። አንድም ሰው ይቅርታ አላለኝም፤ «እሺ፣ ወደ ሥራ» ነው የተባልኩት። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ትመጣለች።

ቢንያም አድጎ ሮተርዳም ሥራ ያዘና አንጃሊ የምትባል ልጅ ይዞልኝ መጣ። የእሷ ዘሮች ድሮ ከሕንድ ለእርሻ ሥራ በመርከብ ወደ ሱሪናም የተወሰዱ ናቸው፤ ወላጆቿ ደግሞ ከሱሪናም ወደ ዴንሃግ ተሻገሩ። ሃይማኖታቸው ሂንዱ ነው። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው። ልጅቷ ግን ትሑት ናት፤ ዓይኗን ሰብራ ነው የምታናግረኝ። የስሟን ትርጉም ስጠይቃት መዳፎቿን እንደ ጸሎት ገጥማ አሳየችኝ። «አንጃሊ ማለት ይሄ ነው» አለችኝ። እናቷ ሱሺላ ትባላለች፤ የዕድሜ እኩያዬ ናት፤ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ትኖራለች። ሱሺላ ማለት ጠባየ መልካም ማለት ነው ሲሉኝ፣ እናያለን አልኩ በሆዴ።

ሕፃኗ ማክሰኞ ንጋት ላይ ሮተርዳም ሆስፒታል ተወለደች። ቢንያም ሲደውልልኝ እያለቀስኩ በመጀመሪያው ባቡር ደረስኩ። ሱሺላ ቀድማኝ ኖሯል። ልጅቷን አቅፌ ስስም እሷ በእጇ ትንሽ ደብተር ይዛ አዋላጇን ታናግራለች። የምትጠይቀው ስለ ክብደቷ አልነበረም፤ ስለ አንጃሊም ጤና አልነበረም። «ደቂቃዋን ንገሪኝ» ነው የምትለው። «አምስት ከአርባ ነው ወይስ ከአርባ ሁለት?» በፈረንጅ ሰዓት ነው እንግዲህ። አርባ ሁለት ተባለች፤ ጻፈች፤ ከስሩም ሁለት ጊዜ አሰመረች። የልጅ ልጅ ተወልዶ ደቂቃ የሚለቅም ሰው አይቼ አላውቅም። ያኔ ነው ጆሮዬ የቆመው።

ከዚያ ኮሪደር ላይ ወደኔ መጣች። ደች ቋንቋም እንደኛው አክብሮት አለውና ሁለታችንም እርስዎ ነው የምንባባለው። ፈገግ ብላ፣ «ቢንያም እንደነገረኝ እናንተ ቤተ ክርስቲያን ብቻ የምትጠሩበት ሌላ ስም አላችሁ። እውነት ነው?» አለችኝ።

ይህ አፉ የማይያዝ ልጄ ምን ነግሯት ነው? «የለንም» አልኩ።

«የእርስዎ ማን እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ ነበር።»

«ትርሲት ነኝ። ሌላ የለኝም።»

ትክ ብላ አየችኝ። ፈገግታዋ ጠፋ። ደብተሯን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወንድሟን ለማየት አምስተርዳም እንደምትሄድ ነገረችኝ። ይህ ወንድሟ ፓንዲት ነው፤ የእነሱ ቄስ እንደማለት ነው። እኔ እንግዲህ ነገሮቹን መደመር ያዝኩ። የተወለደችበት ደቂቃ፤ የክርስትና ስም፤ ከዚያ ወደ ባለ መጽሐፉ መገስገስ። እናቴ ብትኖር ኖሮ ልጅቷን ጠቅልላ ይዛ ትሮጥ ነበር አልኩ።

ረቡዕ ዕለት አንጃሊ ከሆስፒታል ወጥታ እዚያው ሮተርዳም ዴልፍስሃቨን ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ገባች። እዚህ አገር ሴት ስትወልድ ሳምንት ያህል ቤት እየተመላለሰች አራሷን የምታርስ ባለሙያ ትላካለች፤ ክራምዞርኽ ይሏታል። የመጣችው ኖራ የምትባል የሞሮኮ ልጅ ናት፤ እጇ ቀልጣፋ፣ ድምጿ ዝግ ያለ። እኔ አጥሚት በፔርሙዝ ይዤ ሄጃለሁ። በኩባያ ቀድቼ ለአንጃሊ ስሰጥ ሱሺላ «ቆዪ» ብላት ማንኪያ አምጥታ ቀመሰችው። ዋጠች፤ ጥቂት ጠበቀች፤ ከዚያ «ጠጪ» አለቻት። አጥሚቴን! እኔም ከእሷ አልተሻልኩም፤ እሷ ያመጣችልኝን ጣፋጭ በሶፍት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩትና ስወጣ ለወፍ በተንኩት።

የስሙ ነገር ተነሣ። ልጅ በተወለደ በሦስት ቀን ውስጥ ኽሜንተ፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱ ሄዶ ማስመዝገብ ግዴታ ነው። ቢንያም ለሐሙስ ከሰዓት ቀጠሮ ይዟል። እኔ ማኅሌት እንድትባል ለወራት ቢንያምን ስወተውተው ከርሜአለሁ። ሱሺላ ግን ወንድሟ የልደቷን ደቂቃ አስልቶ የመጀመሪያውን ድምፅ አግኝቷል አለች፤ «ኡ» ነው። አንጃሊ ስልኳን ከፍታ በኡ የሚጀምሩትን ታነብልኝ ጀመር። ኡማ። ኡርሚላ፤ ሞገድ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ኡጅዋላ፤ የምታበራ። ኡሻ፤ ንጋት። ሁሉም ከሳንስክሪት የመጡ ናቸው፤ የጥንት የጸሎት ቋንቋቸው ነው፤ እንደኛ ግዕዝ መሆኑ ነው። እኔ እያንዳንዱን «ትርጉሙን ማን አረጋገጠ?» እላለሁ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ኡማን ብፈልጋት የአምላካቸው የአንዷ ስም ሆና አገኘኋት። ይኸውልሽ አልኩ ለራሴ።

«ማኅሌትስ?» አልኩት ቢንያምን በአማርኛ።

«እማዬ፣ በኡ አይጀምርም እኮ። ለእነሱ ትልቅ ነገር ነው።»

«የልጅ ልጄን ስም በፊደል የሚቆልፈው ማን ነው?»

ቢንያም መለስ ብሎ በደች ለአንጃሊ የሆነ ነገር አላት። እኔ ተነሥቼ ወደ ሕፃኗ ክፍል ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ሱሺላ አልጋዋ ላይ ጎንበስ ብላ በጆሮዋ ታንሾካሹካለች። እንዳየችኝ ቀና አለችና አፏን ዘጋች፤ «ልብስ እያስተካከልኩላት ነው» ብላ ወጣች። ጠጋ ብዬ ልጅቷን ገለጥኩ። በግራ እግሯ መዳፍ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ፤ የሽንብራ ፍሬ ያህል። በጣቴ ብዳስሰው ኩል ነው። ትናንት አልነበረም። አማተብኩ።

አሁን እንግዲህ የምጸጸትበትን ልንገራችሁ። የልጅቷን ጨርቅ ልቀይር ብዬ ስዘረጋ እጄ ከፍራሹ ስር አንድ ነገር ነካ። በቀይ ክር የታሰረ፣ በአራት የታጠፈ ወረቀት። ፈታሁት። መሃሉ ላይ አራት ማዕዘን ተሥሎ በመስመር አሥራ ሁለት ቦታ ተከፋፍሏል፤ በየክፍሉ ከመስመር የተንጠለጠሉ የሚመስሉ ፊደሎች አሉ። ከዚያ ሁሉ የማላውቀው ጽሑፍ ስር፣ በላቲን ፊደል፣ በቀይ ቀለም፣ አንድ የማውቀው ቃል ብቻ ተጽፏል። ትርሲት ይላል። ከፊት ለፊቱ ረጅም ባዶ መስመር ተሠምሯል።

ክታብ አይቼ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ሥዕልም አይቼ አውቃለሁ። ያ ባዶ ቦታ ለምን እንደሆነ ያኔ አልተጠራጠርኩም። ትናንት ስሜን ጠይቃኝ ከለከልኳት፤ ቦታው አልተሞላም፤ እስኪሞላ ይጠብቃል። በልጅ ልጄ ራስ ስር አስቀምጣ በእኔ ላይ ልትሠራ ነው። ወረቀቱን ከጡት መያዣዬ ስር ከተትኩ፤ ራሴን አመመኝ ብዬ ካፖርቴን ለበስኩ። በር ላይ ኖራ የተቀየረውን አንሶላ ታቅፋ ስታልፍ «ደህና ነዎት?» አለችኝ። ቀና ብዬም አላየኋት።

ባቡር ውስጥ ሆኜ ወደ ንስሐ አባቴ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰሙኝና በክርስትና ስሜ ጠርተው፣ «የጻፈችውን ጠይቀሻታል?» አሉኝ።

«አባ፣ ጠላት ይጠየቃል እንዴ?»

«ጠላት መሆኗን በምን አወቅሽ? ወረቀቱን አትጣዪው። ጸልዪ፤ ነገ መልሰሽ ውሰጂና በሰላም ጠይቂያት። ካስፈራሽ እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

እሺ አባቴ አልኩ። እሺ ያልኩት ግን በአፌ ነው። ከዴንሃግ ጣቢያ ስኬቨኒንገን የሚሄደውን ትራም ተሳፈርኩ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ አሸዋው ላይ ውሻ የሚያናፍሱ ሰዎች አሉ። ጫማዬን ሳላወልቅ ውሃው ድረስ ሄድኩ። ወረቀቱን ብጭቅጭቅ አድርጌ ቀድጄ፣ ቀዩን ክርም ጨምሬ፣ አማትቤ ወረወርኩት። ነጫጭ የባሕር ወፎች ምግብ መስሏቸው መጡና መልሰው ተዉት። እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ረጥቦ ቤቴ ገባሁ። የዚያን ምሽት እንቅልፌ እንዴት ጥሩ ነበር መሰላችሁ።

ሐሙስ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ቢንያም ነው፤ ድምፁ ልክ አይደለም። «እማዬ፣ ከኡሻ ፍራሽ ስር የነበረ ወረቀት አይተሻል?» አለኝ። ኡሻ ብሎ ሲጠራት ያኔ መጀመሪያ ሰማሁ።

«ምን ወረቀት?»

«የሱሺላ ወረቀት። ጠፋ። አንጃሊ እያለቀሰች ነው፤ ወተቷም እምቢ አለ። ሱሺላ ኖራን ነው የምትጠረጥረው፤ ትናንት አንሶላ የቀየረችው እሷ ናት። መሥሪያ ቤቷ ልትደውል ነው።»

ስልኩን እንደያዝኩ ቆምኩ። የሆቴሉ ሳጥን መጣብኝ። የተራገፈው ልብሴ መጣብኝ፤ ጓደኞቼ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው መቆማቸውም መጣብኝ። «ቢኒ፣ እንዳትደውል በላት። መጣሁ» አልኩና ዘጋሁ። ዴልፍስሃቨን እስክደርስ በባቡሩም በሜትሮውም የማስበው አንድ ነገር ነው። ብናገር ልጄን አጣለሁ፤ የልጅ ልጄን ከእንግዲህ ማን ያሳቅፈኛል? ዝም ብል ደግሞ ያቺ ልጅ ዛሬ ከሥራ ትባረራለች። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ዝም ማለቱ ሁለት ጊዜ አሸንፎኝ ነበር። ወደ ሥራዬ ልመለስ ብዬ አንድ ጣቢያ ላይ ወርጄ ደግሞ ሌላ ባቡር ጠብቄአለሁ።

ስገባ ኖራ ወጥ ቤት ቆማ ብስኩት ላይ ቅቤ ትቀባለች፤ ልጅ ሲወለድ እዚህ ለጠያቂ የሚቀርበው ሮዝና ነጭ ስኳር የሚነሰነስበት ደረቅ ብስኩት ነው። ዓይኗ ቀልቷል። ሥራዋን ግን አልተወችም። ሳሎን ሱሺላ ስልኳን ይዛ ቁጥር እያየች ነው። ቢንያም መስኮቱ ጋ፣ አንጃሊ ልጅቷን ታቅፋ ሶፋው ላይ።

«ስልኩን ያስቀምጡት» አልኳት። «ወረቀቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ኖራ ወጥ ቤት ውስጥ ቢላዋውን ስታስቀምጥ ሰማሁ።

«የት አለ?» አለ ቢንያም።

«ባሕር ውስጥ።»

አንጃሊ አፏን በእጇ ያዘች። ቢንያም ለምን ሲለኝ ሁሉንም ዘረዘርኩ፤ ደቂቃውን፣ ጥያቄዋን፣ ሹክሹክታውን፣ ኩሉን፣ በቀይ የተጻፈውን ስሜን፣ ባዶውን መስመር። ድግምት የሚለውን በደች ስለማላውቀው በአማርኛ ተናገርኩት። ቢንያም አንገቱን ደፍቶ ተረጎመው። እንደዚያ ሲያፍርብኝ አይቼው አላውቅም።

ሱሺላ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች። «ወረቀቱ ወንድሜ ከልደቷ ደቂቃ ያወጣላት የኮከብ ሰንጠረዥ ነው። በእኛ ዘንድ ልጅ ሁለት ስም አላት። አንዱ ለሰው ነው። ሌላው ለፈጣሪ ብቻ ነው፤ ማንም አይጠራትም፤ ክፉ ሰው እንዳይዘው ይደበቃል። ያን ስም በጆሮዋ የምታንሾካሹክላት የአባቷ እህት ናት። ቢንያም እህት የለውም። ወንድሜን ጠየቅኩት፤ ከአባት ወገን ሴት ያለችው አንዲት ናት፣ እሷ ትስጣት አለኝ። ባዶው መስመር ለእርስዎ ነበር። ስሙን እርስዎ እንዲያወጡላት፣ በፊደልም እንዳናስገድድዎት ባዶ ተተወ። ዛሬ ጠዋት ልሰጥዎት ነበር።»

ወረቀቱ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ የተጻፍኩት፤ ለካ ለክብር ነው። የገዛ ስሜን ነው ቀድጄ ለባሕር የሰጠሁት። እንባዬ መጣ፤ አልከለከልኩትም።

«ማክሰኞ የጠየቅኩዎት» አለች ሱሺላ፣ «ይህ ልማድ ይገባዎት እንደሆነ ለማወቅ ነበር። ቢንያም አላቸው ብሎኛል፤ እርስዎ የለንም አሉኝ። ለምን ይዋሹኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ በማግስቱ ጸሎት በጆሮዋ ደገምኩላት፤ ኩሉንም ቀባኋት።»

«ኩሉ ለምንድን ነው?»

«ለክፉ ዓይን» አለች። «ከእርስዎ ዓይን እንዲጠብቃት።»

አጥሚቱስ ብዬ ሳልጨርስ ራሷን ነቀነቀች፤ አዎ፣ እሱንም ፈርታ ነው። እኔም ጣፋጯን ለወፍ መበተኔን ነገርኳት። መጀመሪያ የሳቀችው አንጃሊ ናት፤ እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ ሱሺላ ከንፈሯን ነክሳ ልትይዘው ሞከረች፤ አልቻለችም። እኔ ግን ለመሳቅ ገና ዕዳ ነበረብኝና ተነሥቼ ወጥ ቤት ገባሁ።

ኖራ ብስኩቱን ደርድራ ጨርሳ እጇን ታብሳለች። የሆቴሉን ታሪክ፣ የጆሮ ጌጡን፣ የሳጥኔን ነገር አንድ በአንድ ነገርኳት። ያን የሠሩብኝን እኔ በአንቺ ላይ ላደርገው ነበር፤ ይቅር በዪኝ አልኳት። ሱሺላም ከኋላዬ መጥታ ይቅርታ ጠየቀቻት። «በብዙ ቤት ተጠርጥሬ አውቃለሁ» አለች ኖራ፤ «ይቅርታ የጠየቀኝ ቤት ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።» ከዚያ ከሥራ ፋይሏ ንጹሕ ወረቀትና ማስመሪያ አውጥታ ለሱሺላ ሰጠቻት።

ፓንዲቱ ጠዋት ወደ ሱሪናም በረው ስለነበር የሚጠየቁ አልነበሩም። ሱሺላ ግን ደቂቃዋን በደብተሯ ይዛለች፤ ያን ሁለት ጊዜ ያሰመረችበትን። አራት ማዕዘኑን ኖራ በማስመሪያ ሣለችላት፤ ሱሺላ ከትዝታዋ የቻለችውን ሞላች፤ የቀረውን ወንድሜ ሲመለስ ያስተካክለዋል አለች። ከስሩ ስሜን ጽፋ መስመሩን አሰመረች። ቢንያም ሰዓቱን አይቶ ምን ብዬ ላስመዝግባት አለ። «ኡሻ በላት» አልኩት፤ «ንጋት ላይ ነው የመጣችው።» ሱሺላ ወዲያው «ኡሻ ማኅሌት» አለች፤ ማን እንደነገራት እንጃ። ቢንያም እንዳንለውጥበት ፈርቶ ሮጠ።

አንጃሊ ልጅቷን ሰጠችኝና ወደ መኝታ ክፍሏ ገባች። ሱሺላ ተነሥታ ወጥ ቤት ሄደች፤ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። መጀመሪያ አልገባኝም። ስሙን እንዳትሰማው ነው። ሳልጠይቃት፣ ማስጠንቀቂያም ሳልሰጣት፣ ሚስጥሬን ከራሷ ጆሮ ጠበቀችልኝ። ኡሻን ወደ አፌ አስጠግቼ ስሙን ነገርኳት፤ ባዶው መስመር ላይም በአማርኛ ጻፍኩት። ከዚያ ልጅቷን እንደታቀፍኩ ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ዘጋሁ።

«ጨረሱ?» አለችኝ።

«አንቺ በዪኝ» አልኳት። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ የራሴን የክርስትና ስም ነገርኳት። ከእናቴና ከንስሐ አባቴ ቀጥሎ ሦስተኛዋ ሰው እሷ ሆነች። እሷም የማይጠራውን ስሟን በጆሮዬ ነገረችኝ።

ይህ ከሆነ ዓመት አልፎታል። ኡሻ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች፤ አንጃሊ ራሷ ነች ይዛት የመጣችው። ቄሱ የክርስትና ስሟን ሲያወጡ ዞር ብዬ ብፈልግ ሱሺላ ሁለት ጆሮዋን በመዳፏ ይዛ ቆማለች። ዲያቆኑ ይገላምጣታል፤ እሷ ምን ገዷት።

እናንተ ደግሞ «ታዲያ ከዚያ በኋላ መጠርጠር ተዉ ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። የት ይሄዳል! የወተቱን ቀን አሁንም ሦስት ጊዜ ነው የማየው። አንድ ነገር ግን ተለውጧል፤ የጠረጠርኩትን ሰው ሄጄ እጠይቀዋለሁ። ሆቴላችን ውስጥም ዕቃ ጠፋ ሲባል የማንም ሳጥን ከመከፈቱ በፊት እኔ እንግዳው ክፍል ገብቼ የካፖርት ኪስ እዳስሳለሁ። ለእናንተም የምላችሁ ይህንኑ ነው። በልጆቻችሁ በኩል ስሙን የማታውቁት፣ ጸሎቱ የማይገባችሁ ሰው ቤታችሁ ሲገባ፣ ወረቀቱን ከመቅደዳችሁ በፊት ጠይቁት። እኔ አንድ ጥያቄ ነበር የጎደለኝ፤ የንስሐ አባቴ እሱንም በስልክ ሰጥተውኝ ነበር።

ያ አዲሱ ወረቀት ዛሬም ከኡሻ ፍራሽ ስር አለ፤ አንሶላ ስንቀይር ሁላችንም ቀስ ብለን ወደ ጎን እናደርገዋለን። መስመሩ ላይ የጻፍኩትን እንድነግራችሁ ትጠብቁ እንደሆነ ግን ይቅርታ፤ እናንተና እኔ ገና አልተዋወቅንም።